ሐያእ ከመጠየቅ አያግድም



ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) ሴት በሕልሟ ፈሳሽ ብታይ ጉስል ይኖርባት እንደሆነ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቃለች። እሳቸውም ሳይነቅፏት መልሰውላታል። ዛሬ ከኢትዮጵያ ወደ እንግሊዝ አዲስ የሚመጡ ታናናሾቻችን ግን ስለ አካላቸው የሚጠይቁት ሰው ያጣሉ። ቤት ውስጥ ማውራት ነውር ነው። ትምህርቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ ግዴታ ቢሆንም፣ በ17 ዓመቱ መጥቶ ቋንቋ ለመማር በቀጥታ ኮሌጅ የገባ ልጅ ያመልጠዋል።

ዝምታው ዋጋ ያስከፍላል። ክላሚዲያ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። በአንቲባዮቲክ ይድናል፤ ሳይታከም ከቆየ ግን ሴትን መካን ሊያደርግ ይችላል። ከኒካሕ ውጭ ወንድ የማታውቅ እህትም ከባሏ ሊይዛት ይችላል። ስለዚህ መመርመር የዝሙት ማስረጃ አይደለም።

እነዚህን አውቀን ለሌሎች እናድርስ፦

ክፍያ የለውም። በኤን ኤች ኤስ የሴክሹዋል ሄልዝ ክሊኒኮች የአባላዘር በሽታ ምርመራና ሕክምና፣ የኤች አይ ቪም ጭምር፣ ለሁሉም ነፃ ነው። ጥገኝነት ጠያቂም ሆነ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው አይከፍልም። ጂፒ ዘንድ መመዝገብም አያስፈልግም።

ምስጢር ይጠበቃል። የአንድ ሰው ደኅንነት ከባድ አደጋ ላይ ነው ብለው ካልሠጉ በቀር ለቤተሰብ አይናገሩም። ከ16 ዓመት በታች ላሉትም ይኸው ነው።

አስተርጓሚ ይጠየቃል። የአክስት ልጅ ወይም ጎረቤት ይዞ መሄድ ግድ አይደለም። ቀጠሮ ሲያዝ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደሚፈለግ መናገር ነው። ሴት ሐኪም እንድታያት የምትሻ እህትም መጠየቅ ትችላለች።

ያመለጠ ክትባት ይገኛል። የማህፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው የኤች ፒ ቪ ክትባት በትምህርት ቤት የሚሰጠው በ12 እና በ13 ዓመት ነው። ዘግይታ የመጣች እህት 25 ዓመት ሳይሞላት ከጂፒ ልትጠይቅ ትችላለች።

ቋንቋውንም መንገዱንም ቀድመን ያወቅን እኛ ነን። ታናሻችን አፍራ ወደ እኛ ስትመጣ አንቆጣት፤ ከየት አመጣሽው ብለንም አንመርምራት። የሸሪዓውን ጥያቄ ወደ ዑለማ፣ ሕመሙን ወደ ሐኪም እንውሰድ። ካስፈለገም ክሊኒኩ በር ድረስ አብረናት እንሂድ።

ወላሁ አዕለም።