ውሃን በካርታ መፈለግ፦ የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት በዝናብ አጠር የእርሻ አካባቢዎች

ዝናብ አጠር በሆነ ቆላ ጥልቅ ጉድጓድ ማስቆፈር ከባድ ወጪ ነው። ጉድጓዱ ደረቅ ከወጣ ገንዘቡም፣ የገበሬው ተስፋም አብረው ይቀራሉ። የውሃ ባለሙያዎች የመቆፈሪያ ማሽኑ (ሪጉ) ከመንቀሳቀሱ በፊት በካርታ ላይ ብዙ የሚደክሙት ለዚህ ነው። ይህ ድካም ዛሬ በአብዛኛው በኮምፒዩተር፣ ጂአይኤስ በተባለ የካርታ ሶፍትዌር የሚከናወን ሆኗል።

ሥራውን ያስፋፋው የመረጃው በነፃ መገኘት ነው። የላንድሳት ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የምድርን ገጽ ያነሳሉ፤ ምስሎቹም ከ2008 ወዲህ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። በ2000 ደግሞ በኢንዴቨር መንኮራኩር ላይ የተጫነ ራዳር በ11 ቀናት ውስጥ የአብዛኛውን የብስ ከፍታ ለካ። ከዚህ ልኬት ተዳፋቱ፣ የጅረቶቹ ጥግግት፣ ዓለቱ የተሰነጠቀባቸው ረጃጅም መሥመሮች ይወጣሉ። የጂኦሎጂ ካርታ፣ የአፈር ዓይነት፣ የዝናብ መጠንና የመሬት አጠቃቀም እንደ ንብርብር ይታከሉበታል።

እነዚህ ንብርብሮች ምን እንደሚናገሩ ለማየት በሰሜን ኢትዮጵያ ያለውን የቆቦ ሸለቆ እንውሰድ። በምዕራብ ከፍተኛው የተራራ ሰንሰለት፣ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ይዘውታል። ከምዕራቡ ገደል የሚወርደው ጎርፍ ኮረቱንና ሻካራውን አሸዋ በተራራው ግርጌ ይጥላል፤ ደቃቁን ደለል ወደ ሸለቆው መሃል ይዞ ይዘልቃል። ውሃ በቀላሉ የሚሰርገው ኮረቱ ባለበት ግርጌ ነው። የአካባቢው ገበሬዎች ያንኑ ጎርፍ እየጠለፉ ማሽላቸውን ሲያጠጡ ኖረዋል፤ የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ደግሞ ጥልቅ ጉድጓዶች ቆፍሮ መስኖ አስፋፍቶበታል። በካርታው ላይ እንዲህ ያለ ለጥ ያለና ወፍራም የኮረትና የደለል ንጣፍ ያለው መሬት ከፍተኛ ነጥብ ያገኛል። ጠንካራ ባዛልት የሆነ ሸንተረር ግን ውሃ የሚይዘው በስንጥቆቹና በበሰበሰው ክፍሉ ስለሆነ፣ እዚያ መታየት ያለበት የስንጥቅ መሥመር ነው።

ለየንብርብሩ ስንት ክብደት ይሰጥ? እዚህ ላይ ሳይንሱ በሰው ፍርድ ላይ ይወድቃል። በሰፊው የሚሠራበት መንገድ ቶማስ ሳቲ በ1970ዎቹ ያበጀው የንጽጽር ዘዴ ነው፤ ባለሙያው ነገሮቹን ሁለት ሁለት እያደረገ የትኛው እንደሚበልጥ ይወስናል፣ ከዚያ ክብደቱ ይሰላል። ሁለት ምሁራን ከአንድ መረጃ ተነሥተው የተለያየ ካርታ ሊያወጡ ይችላሉ። በቅርብ ዓመታት የመጣው የማሽን ትምህርት ይህን ፍርድ ለኮምፒዩተር ይሰጣል፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሩ የሚማረው ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ነው፤ ጥሩ የጉድጓድ መረጃ በሌለበት የሚማረው የለውም።

የውሃውን መጠን መለወጥ የሚከታተሉት ሌሎች ሳተላይቶች ናቸው። በ2002 የመጠቁት ሁለቱ የግሬስ ሳተላይቶች እየተከታተሉ ሲበሩ በመካከላቸው ያለው ርቀት በምድር ስበት ምክንያት ሲጠብና ሲሰፋ ይለኩ ነበር። ውሃው ሲቀንስ ስበቱም ስለሚቀንስ፣ በዚህ ልኬት በሰሜን ምዕራብ ሕንድ፣ በራጃስታን፣ ፑንጃብና ሃርያና፣ ከነሐሴ 2002 እስከ ጥቅምት 2008 ድረስ 109 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል የከርሰ ምድር ውሃ እንደጠፋ ታወቀ። ዋናው ምክንያት የመስኖ ፓምፕ ነው። ይሁንና ግሬስ ያየው የነበረው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ስፋት ስለሆነ ቆቦን የመሰለ ሸለቆ ለብቻው አይታየውም ነበር።

ካርታ የማይናገረው ትልቁ ነገር የውሃው ጥራት ነው። በ2013 በሰሜን ኬንያ ቱርካና ውስጥ በሎቲኪፒ ሜዳ ሥር እጅግ ብዙ ውሃ መኖሩ ሲነገር ዓለም ተደንቆ ነበር፤ በኋላ የተደረገው ምርመራ ግን ውሃው ለመጠጥ የማይሆን ጨዋማ መሆኑን አሳየ። በእኛ ስምጥ ሸለቆም የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር የ1.5 ሚሊ ግራም ወሰን በላይ ፍሎራይድ ያላቸው ብዙ ጉድጓዶች አሉ፤ የበለዘው የሕፃናቱ ጥርስ ይመሰክራል። ስለዚህ ካርታው ካመለከተ በኋላ በመሬት ላይ የኤሌክትሪክ ፍተሻ ይደረጋል፣ እሱም ብቻውን አይበቃም፤ ሸክላና ጨዋማ ውሃ ሁለቱም ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያስተላልፉ ያሳስታሉ። የመጨረሻው ዳኛ የናሙና ምርመራ ነው።

ዘርፉ ዛሬ የሚያጥረው ሳተላይት አይደለም። የሚያጥረው የጉድጓድ መዝገብ ነው፦ የት ተቆፈረ፣ ስንት ሜትር ወረደ፣ ምን ዓይነት ዓለት ተገኘ፣ በሰከንድ ስንት ሊትር ሰጠ፣ ውሃው ምን ይዟል። ይህ ሁሉ በወረቀት በየመሳቢያው ከተበተነ በሚሊዮን የሚቆጠር ብር የወጣበት ቁፋሮ ለሚቀጥለው ቁፋሮ ምንም አያስተምርም። የውሃ ቢሮዎች፣ ቆፋሪ ድርጅቶችና ዩኒቨርሲቲዎች የእያንዳንዱን ጉድጓድ መረጃ ከነመገኛ ነጥቡ በአንድ የጋራ ቋት ያስቀምጡ፤ ደረቅ የወጣውንም አይተዉት።