የእረኛ ልጆች ጨዋታ በካቺሲ አካባቢ

የእረኛ ልጆች ጨዋታ ሲባል ከብት የሚጠብቁ ልጆች በግጦሽ መስክ ላይ ሆነው የሚጫወቷቸው ጨዋታዎች፣ እንዲሁም ለመጫወት ሲሉ በመካከላቸው የሚያደርጉት የሥራ ክፍፍል ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በሙሉ የታወቀ ሲሆን ይህ ጽሑፍ በምዕራብ ሸዋ ዞን፣ በካቺሲ ዙሪያ ባለው ላይ ያተኩራል። ካቺሲ በኦሮሚያ ክልል የግንደ በረት ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከአምቦ በስተሰሜን፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያመራው አገር ትገኛለች። የወረዳው ነዋሪ በአብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ገበሬ ነው፤ ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ያርሳል፣ ከብት ያረባል። እረኛ በኦሮምኛ ቲክሴ ይባላል።

ከብት መቀላቀልና ተራ

አንድ ልጅ ብቻውን ሁለት በሬና ሦስት ላም ቢጠብቅ ጨዋታ የለውም፤ ዓይኑን ከከብቱ ላይ ካነሣ ሰብል ይበላል። ስለዚህ የጎረቤት ልጆች ማታ ከብት ሲያስገቡ ወይም ውኃ ላይ ሲገናኙ የነገውን መሰማሪያ ይቀጣጠራሉ። በማግሥቱ የአራት ወይም የአምስት ቤት ከብት አንድ ላይ ይሰማራል፣ አንዱ ሲመልስ ሌሎቹ ይጫወታሉ። ቁጥሩ እንጂ ሥራው ብዙም አይጨምርም፤ አምስት ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሃያውንም መጠበቅ ይችላል። በዚህ መንገድ የተረፈው ጊዜ የጨዋታ ጊዜ ይሆናል።

ከብት የሚመልሰው ማን እንደሆነ የሚወሰነው በተራ፣ በዕጣ ወይም በጨዋታው ውጤት ነው። የተሸነፈ ሄዶ ይመልሳል። ደንቡ ፍትሐዊ ቢመስልም ትልልቆቹ ታናናሾቹን ደጋግመው መላካቸው የተለመደ ነው። ትንሹ ልጅ ግን ፈጽሞ አቅም የለውም ማለት አይደለም። ካኮረፈ ከብቱን ለይቶ ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ የሌሎቹ ተራ ይበዛል። በዚህ የተነሣ ትልልቆቹ እሱን መልሰው ማባበል ይኖርባቸዋል።

ወላጆችም በነገሩ ውስጥ አሉበት። ልጃቸው ከየትኛው ቤት ልጅ ጋር እንደሚያሰማራ ያውቃሉ፣ ከተጣሉት ጎረቤት ልጅ ጋር እንዳይውል ሊከለክሉ ይችላሉ። ከብት የሰው ማሳ ከገባ ጉዳቱን የሚክሰው ልጁ ሳይሆን ቤተሰቡ ነው፤ ክርክሩም በሽማግሌዎች፣ በኦሮምኛ ጃርሱማ በሚባለው ሥርዓት፣ ሊታይ ይችላል። እንግዲህ አንድ የልጆች ጨዋታ የከብቱን ጥጋብ፣ የባለ ማሳውን ሰብል፣ የወላጅን ፍላጎትና የልጆቹን ደስታ አብሮ ማስተናገድ አለበት።

ተቀጥሮ የሚጠብቅ ልጅ ሁኔታው የከፋ ነው። ከብቱ የጌታው ስለሆነ የመቀላቀሉን ስምምነት በራሱ ፈቃድ መግባት አይችልም፣ ጥፋት ሲደርስም የሚከራከርለት ወላጅ አጠገቡ የለም።

የጨዋታዎቹ ጠባይ

በመስክ ላይ የሚመረጡት ጨዋታዎች ዕቃ የማይፈልጉ፣ ተቋርጠው የሚቀጥሉ ናቸው። ለገበጣ ጉድጓዱ መሬት ላይ ይቆፈራል፣ ጠጠሩም እዚያው ይለቀማል። ላም ስታመልጥ ትተውት ሮጠው፣ ተመልሰው ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ገበጣና መሰሎቹ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ጨዋታው በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ምን ያህል ብዙ ዓይነት እንዳለው አሳይቷል። ከጭቃ በሬና ላም መሥራት፣ ጅራፍ ማጮህና ዋሽንት መንፋትም የእረኛ ነገሮች ናቸው።

እንቆቅልሽ ደግሞ እጅም ዓይንም ስለማይዝ ለጥበቃ የተሠራ ይመስላል። በኦሮምኛ ሂቦ ይባላል። እንደ አማርኛው ሁሉ፣ መልሱን ያላወቀ ልጅ ለጠያቂው አገር ይሰጣል። ብዙ ልጆችን በአንድ ጊዜ የሚያሰልፈው ግን የገና ጨዋታ፣ በኦሮምኛ ቂሌ፣ ነው። በጠማማ ዱላ ጥንጓን እየመቱ ሁለት ወገን ሆነው ይጋጠሙበታል።

ሴት ልጆች ከብት ቢጠብቁም ከዚያ በላይ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀምና ሕፃን ማዘል ይጠበቅባቸዋል። ጠጠር ወደ ላይ እየወረወሩ የሚቀልቡበት ቅልብልቦሽ ቁጭ ተብሎ ስለሚከናወን ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ጀርባ ላይ ተኝቶም ይጫወቱታል። ወንዶቹ ተራ አውጥተው ከብቱን ለጓደኛ ይተዋሉ፤ ያዘሉትን ሕፃን ለጓደኛ መስጠት ግን ያን ያህል ቀላል አይደለም።

ወቅት

ክረምት ማሳው ሁሉ በሰብል ስለሚሸፈን ጥበቃው ከባድ፣ ጨዋታው ጥቂት ነው። አዝመራ ተሰብስቦ ከብት በቃርሚያው ላይ ሲለቀቅ የሚጠፋ ሰብል ስለሌለ ልጆቹ ሰፊ ጊዜ ያገኛሉ። የገና ጨዋታ በታኅሣሥና በጥር መድመቁ ከበዓሉ በተጨማሪ ከዚህ ጋርም ይገጥማል፤ ሜዳው የታጨደ ማሳ ነው።

ትምህርት ቤትና ሕግ

በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች የፈረቃ ትምህርት ለቤተሰቡ መውጫ ሆኗል። አንዱ ልጅ ጠዋት ሲማር ሌላው ይጠብቃል፣ ከሰዓት ይቀያየራሉ። ሆኖም ሥራውም ትምህርቱም ሲሟላ የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ ጨዋታው ነው፤ በተለያየ ፈረቃ የሚማሩ ጓደኛሞች መስክ ላይ አይገናኙም። አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የሚባለው መርሐ ግብርም ሰዓቱን ከልጆቹ ሥራ ጋር ለማስማማት የታሰበ ነው።

ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ላይ የዕረፍትና የጨዋታ መብትን ያውቃል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆችን ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን ከሚጎዳ ሥራ ይጠብቃል፤ ጨዋታን ግን በስም አያነሣም።

ከሌላ አገር ጋር ሲነጻጸር

በአሜሪካ፣ መምህር የነበረው ጆን ሆልት በ1977 እ.ኤ.አ. ልጆች ያለ ትምህርት ቤት እንዲያድጉ የሚደግፍ መጽሔት ከመሠረተ ወዲህ ይህን መንገድ የመረጡ ቤተሰቦች አሉ። ጎረቤት ልጆች ቀኑን ትምህርት ቤት ስለሚውሉ የጨዋታ ቀጠሮ የሚይዙት፣ ልጁን የሚያደርሱትና የሚመልሱት ብዙውን ጊዜ ወላጆች ናቸው። በካቺሲ መስክ ቀጠሮውን የሚይዙት ራሳቸው ልጆቹ ሲሆኑ ነፃነቱ ግን ከምርጫ የመጣ አይደለም፤ ከትምህርት ቤት የቀረ እረኛ አብዛኛውን ጊዜ የቀረው ቤቱ ጉልበቱን ስለሚፈልግ ነው።

የግጦሽ መሬት መጥበብ

የወል ግጦሽ በእርሻና በባሕር ዛፍ እየተያዘ ሲሄድ ሃያ ከብት አንድ ላይ የሚሰማራበት ቦታ ይጠፋል። ከብት በመንገድ ዳርና በማሳ መካከል ባለች ጠባብ ሣር ላይ ሲጠበቅ ወይም በካስማ ሲታሰር ልጁም ብቻውን ይውላል። ጨዋታው ወደ ትምህርት ቤት ግቢና ወደ ከተማዋ ሜዳዎች እየተዛወረ ነው፤ እዚያ የሚበዛው የጨርቅ ወይም የፕላስቲክ ኳስ ነው።