ታጥፎ የተሠራው አንቴና እንዴት ይሠራል?

የድሮው ሬዲዮ አንቴና ሲሳብ ያን ያህል የሚረዝመው በምክንያት ነው። የኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሞገድ በሰከንድ 97.1 ሚሊዮን ጊዜ ይወዛወዛል፤ በዚያችው ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አንዱን በሌላው ብናካፍል፣ እያንዳንዱ ውዝዋዜ 3 ሜትር ከ9 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ይይዛል። የሞገድ ርዝመት የሚባለው ይህ ነው። ዘንግ ሞገዱን አጥርቶ የሚቀበለው የዚህን ሩብ፣ ማለትም 77 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ነው፤ በዘንጉ ላይ የሚመላለሰው የኤሌክትሪክ ጅረት ከሞገዱ ምት ጋር የሚገጥመው በዚያ ርዝመት ነውና።

አሁን ስልክዎን ይመልከቱ። የተዘረጋ ዘንግ የለም። ውስጡ ግን የ900 ሜጋኸርዝ የስልክ ሞገድ ይገባል፤ ሩቡ 8 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይና ብሉቱዝም ይገባሉ፤ የእነሱ ሩብ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጂፒኤሱ አለ፣ የ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ አለ። አብዛኛውን ቦታ ባትሪውና ካሜራው ስለያዙት ለአንቴና የሚተርፈው ጠርዙ ብቻ ነው። ስለዚህ መሐንዲሱ ሁለት ነገር ይጠየቃል፦ አንቴናው ትንሽ ይሁን፣ ብዙ ዓይነት ሞገድም ይቀበል። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ደግሞ እርስ በርስ ይጣላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1988 ናታን ኮኸን የተባለ አሜሪካዊ የሬዲዮ አስትሮኖሚ ተመራማሪ ተመሳሳይ ችግር ገጠመው። ቦስተን ውስጥ ቤት ያከራየው ሰው አንቴና መትከል ከልክሎታል፤ እሱ ደግሞ የአማተር ሬዲዮ ወዳጅ ነበር። ሽቦውን በፍራክታል ቅርጽ ጠምዝዞ አሳጠረውና ሠራለት። ፍራክታል የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው የሒሳብ ሊቁ ቤኑዋ ማንደልብሮ ነው፤ ክፍሉ ሙሉውን የሚመስል ቅርጽ ማለት ነው። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በበዓል ቀን ከታቦት ጋር የሚወጣውን የመጾር መስቀል ልብ ብለው ይዩት፤ በትልቁ መስቀል ክንፎች ጫፍ ትንንሽ መስቀሎች አሉ፣ በእነሱም ጫፍ ከእነሱ ያነሱ። ሮን ኤግላሽ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው «አፍሪካን ፍራክታልስ» መጽሐፍ የኢትዮጵያን መስቀሎች ከአህጉሩ ፍራክታሎች መካከል አስገብቷቸዋል።

ቀላሉን ምሳሌ እንውሰድ። ቀጥ ያለ ሽቦ ሦስት እኩል ቦታ ይከፈልና መካከለኛው ክፍል በሁለት እኩል ጎኖች ሹል ጉብታ ይተካል። አሁን አራት ቁራጮች አሉ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ያው ሥራ ይደገማል። ይህን ቅርጽ ስዊድናዊው ሄልገ ፎን ኮኽ እ.ኤ.አ. በ1904 ገልጾታል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርቀት ሳይለወጥ ሽቦው በየዙሩ በሲሶ ይረዝማል፤ ከሦስት ዙር በኋላ 2.37 እጥፍ ይሆናል። ጅረቱ የሚሄድበት መንገድ ስለረዘመ አንቴናው ከቁመቱ ለሚበልጥ ሞገድ ይስማማል።

ብዙ ሞገድ የመቀበሉ ነገር ግን ከሌላ ቅርጽ በተሻለ ይታያል። የመዳብ ሦስት ማዕዘን ወስደን መሐሉን ሦስት ማዕዘን አድርገን እንቁረጥ፤ የቀሩትን ሦስቱንም እንዲሁ። ይህ የሲየርፒንስኪ ሦስት ማዕዘን ነው። መሐንዲሱ ካርልስ ፑዌንቴና የባርሴሎና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ጫፉን ወደ ታች አድርገው በዚያው በኩል ጅረት ሰጡት። ዝቅተኛው ሞገድ ሙሉውን ሦስት ማዕዘን ተጠቀመ፤ ከፍተኛው ጫፉ አጠገብ ባለው ትንሹ ላይ ተወሰነ። የእያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ቁመት የቀጣዩ ግማሽ ስለሆነም አንቴናው የሚሠራባቸው ሞገዶች በእጥፍ ገደማ ተራራቁ።

በእጥፍ መራራቅ ግን ሰፊ የሞገድ ክልል ማለት አይደለም፤ በመካከል የማይሠራባቸው ክፍተቶች አሉ። ክፍተቱን ለመሙላት መሐንዲሶች ቀጭኑን ሽቦ ትተው ሰፋ ያለ ፍራክታል ጠርዝ ያለው መዳብ ውፍረቱ 1.6 ሚሊ ሜትር በሆነ የሰርኪዩት ሰሌዳ ላይ ያትማሉ፣ ከጀርባ ያለውን የመሬት መዳብ ያሳጥራሉ፣ ጅረቱ በሚገባበት ቦታ አጠገብም ቀዳዳ ይቆርጣሉ። ያኔ ጎን ለጎን ያሉት ሞገዶች እየተደራረቡ ይያያዛሉ። ግባቸው ብዙ ጊዜ የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2002 የፈቀደው ከ3.1 እስከ 10.6 ጊጋኸርዝ ያለው ክልል ነው፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከተላከው ኃይል ከአንድ አሥረኛ በላይ ተመልሶ እንዳይመጣ ይፈለጋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ፤ እኔ ግን ዋናው እሱ ነው እላለሁ። የታጠፈ ሽቦ እንደተዘረጋ ሽቦ አይሆንም። ጎን ለጎን ባሉ እጥፋቶች ጅረቱ ተቃራኒ አቅጣጫ ሲይዝ ሥራው ይጠፋፋል፤ ከሁለትና ሦስት ዙር በኋላ የሚገኘው ጥቅም እያነሰ፣ የመዳቡ ብክነት እየጨመረ ይሄዳል። መሐንዲሱ ላን ጄን ቹ እ.ኤ.አ. በ1948 እንዳሳየውም፣ አንቴና ከሞገዱ አንጻር እያነሰ ሲሄድ የሚሠራበት ክልል ይጠብባል፤ ይህን ወሰን ማንኛውም ቅርጽ አያመልጠውም። አሜሪካዊው የአንቴና መሐንዲስ ስቲቨን ቤስት እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባደረጋቸው ንጽጽሮች ተራ የተጣመመ ሽቦም በመጠኑ እኩል ከሆነው ፍራክታል ጋር እንደሚስተካከል አሳይቷል። ስለዚህ ፍራክታል የሚለው ስም ብቻውን የብቃት ማረጋገጫ አይሆንም፤ መለካት ያስፈልጋል።

ልኬቱም በባዶ ጠረጴዛ ላይ አያበቃም። እጅ ብዙ ውኃ ስለያዘ አንቴናውን ሲጠጋ የሚስማማበትን ሞገድ ወደ ታች ይስበዋል፣ ከኃይሉም ይወስዳል። ለዚህ ነው ስልኮች የሰው እጅና ጭንቅላት በሚመስሉ ሰው ሠራሽ ቅርጾች ተይዘው የሚለኩት፤ ሰፋ ተደርጎ የተሠራው ክልልም አንቴናው የሚስማማበት ሞገድ ሲንሸራተት የሚፈለገው ሞገድ ከክልሉ እንዳይወጣ ያደርገዋል።