ነጭ በትር በቆሰበር መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት የአዊዋን ከተማ ቆሰበርን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ያልፋል፤ ወደ ቻግኒ የሚሄደው መንገድም የሚገነጠለው እዚሁ ነው። የጭነት መኪና፣ ባጃጅ፣ ፈረስ፣ ቀርከሃ የተሸከመ ሰው ሁሉ ይተላለፍበታል። በዚህ ግርግር ውስጥ ዓይነ ስውር ሰው ብቻውን እንዲሄድ የሚያስችለው ዋናው መሣሪያ ባትሪ እንኳ የለውም፤ ነጭ በትር ነው።

በአገራችን የቆየው ልማድ አንድ ልጅ የበትሩን ጫፍ ይዞ ከፊት እንዲመራ ማድረግ ነው። ልጁ ትምህርት ይቀርበታል፤ የሚመራውም ሰው ያለ እሱ ከደጅ አይወጣም። በ1998 ዓ.ም. የተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዕይታው የደከመ መሆኑን አሳይቷል። ስንት ልጅ በየቤቱ መሪ ሆኖ እንደሚውል መገመት አያዳግትም።

ነጭ በትር ከምርኩዝ ይለያል። ምርኩዝ ክብደት ይሸከማል፤ ይህ ቀላልና ረጅም ነው፣ ከመሬት እስከ ባለቤቱ ደረት ይደርሳል። ቀኝ እግር ሲራመድ ጫፉ በስተግራ መሬት ይነካል፣ ግራው ሲራመድ በስተቀኝ፤ ስፋቱም ከትከሻ ጥቂት አለፍ ይላል። በዚህም እግር የሚያርፍበትን ቦታ በትሩ አንድ እርምጃ ቀድሞ ይፈትሸዋል። አስፋልት፣ ጠጠር፣ ጭቃና ኮብልስቶን ለእጅ የሚሰጡት ንዝረት ይለያያል፣ ድምፃቸውም እንዲሁ። ጫፉ ድንገት ከሰመጠ ፊት ለፊት ክፍት ቦይ አለ። ይህን አረማመድ መልክ ያስያዘው አሜሪካዊው ሪቻርድ ሁቨር ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች። ነጭነቱ ደግሞ ለሾፌሩ ነው፤ ቆም ብሎ እንዲያሳልፍ። ጭላንጭል የሚያይ ሰውም ሲመሽ በትሩን ቢይዝ ይጠቀማል።

ስልክ ሌላ ሥራ ይሠራል። በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አለው፤ አማርኛ የሚናገሩም አሉ። ጂፒኤስ ደግሞ የት ሰፈር እንደደረሱ ይነግራል። ሆኖም ጂፒኤስ ገላጣ ቦታ ላይ እንኳ እስከ 5 ሜትር ያህል ሊስት ይችላል፤ የቦዩ ስፋት ግን ከአንድ ሜትር ያንሳል። ስለዚህ ስልኩ አቅጣጫ ይናገር፣ ለእግር ግን በትሩ ይታመን። በትሩም የሚያመልጠው አለ፦ ከወገብ በላይ ያለ ነገር። ወደ መንገድ የወጣ የሱቅ ቆርቆሮ፣ የጭነት መኪና ኋላ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ። በሕንድ አገር የተሠራው ስማርትኬን የተባለ መሣሪያ በበትሩ እጀታ ላይ ይገጠምና ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይለቃል፤ ድምፁ ነገር ነክቶ ሲመለስ እጀታው ይነዝራል።

መንገዱም ድርሻ አለው። ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ ለእግርና ለበትር የሚሰማ ጉብጉብ ያለው ንጣፍ ፈለሰፈ፤ በ1967 እ.ኤ.አ. በኦካያማ ከተማ መጀመሪያ ተነጠፈ። በእኛም አገር የሕንፃ አዋጅ 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዝዟል። እስከ በሩ የሚያደርሰው የእግረኛ መንገድ በቦይና በድንጋይ ከተቆረጠ ግን ምቹው በር ማንን ያስገባል?

አንድ ሐሳብ ግን አለኝ። አዊ የቀርከሃ አገር ነው፤ ወንበሩንም አጥሩንም የሚሠሩ እጆች እዚሁ አሉ። ቀርከሃ ቀላል ነው፣ ውስጡ ባዶ ስለሆነም ንዝረት ወደ እጅ ሊያደርስ ይችላል። ቀጭኑን መርጦ፣ ነጭ ቀብቶ፣ ሊለወጥ የሚችል ጫፍ ገጥሞ መሞከር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሙከራውን ግን በትር የሚይዙት ሰዎች ራሳቸው ይምሩት፤ አረማመዱንም የሚያሠለጥን ሰው አብሮ ይመደብ። ጥቅምት 5 ቀን ዓለም አቀፉ የነጭ በትር ቀን ሲከበር የከተማዋ አስተዳደርና ሠሪዎቹ ለመነጋገር ይመቻቸዋል።