ወንድሜ ታሟል፣ እኔስ?

ቤይሩት በገባሁ በሰባተኛው ወር፣ ማዳም በወለደች ሰሞን ነው። ቀን ስራ፣ ሌሊት ህፃን። ከሦስት ሰዓት በላይ የተኛሁበትን ቀን አላስታውስም። አንድ ሌሊት ወጥ ቤት ጡጦ ሳጥብ ስሜ ሲጠራ ሰማሁ። ዞር ስል ማንም የለም። በማግስቱም እንደዚያው።

ሌላ ሰው ቢሆን "ደክሞኝ ነው" ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ታላቅ ወንድሜ ትዝ አለኝ። እሱም መጀመሪያ ድምፅ ነበር የሚሰማው፣ ከዚያ እናታችን ምግቡ ውስጥ መርዝ የምትጨምር መሰለው። አማኑኤል ሆስፒታል "ስኪዞፍሬኒያ" ነው አሉን። ሰፈሩ ግን "የዘር ነው" አለ። ያቺ ቃል ባህር ተሻግራ ተከተለችኝ። ለማዳም ብነግራት "መጅኑና" ብላ ቢሮ ትመልሰኛለች ብዬ ዝም አልኩ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ለአንዲት የሀገሬ ልጅ አለቀስኩላት፤ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ያለችኝ ይኸው ነው፦ ከ100 ሰው በዚህ ህመም የሚያዘው 1 አካባቢ ነው። እህት ወይም ወንድም ከታመመ ወደ 10 ገደማ ይደርሳል። እኔ 10ሩን ብቻ ሰምቼ ስደነግጥ "90ዎቹስ?" አለችኝ። ፍጹም የሚመሳሰሉ መንትዮች እንኳ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ሆና ትቀራለች። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት ከህመሙ ጋር የተያያዙ 287 የዘረመል ቦታዎችን ለይቷል፤ እያንዳንዱ የሚጨምረው ግን ጥቂት ነው። "ትታመሚያለሽ" ወይም "አትታመሚም" የሚል የደም ምርመራም የለም።

የኔ ድምፅ ከእንቅልፍ ማጣት ነበር። ለማዳም ስለ ወንድሜ አልነገርኳትም፣ "ሐኪም እንቅልፍ አዘዘልኝ" ብቻ አልኳት። አኮረፈች፤ ግን ሌሊቱን እየተፈራረቅን ያዝነው። በሳምንቱ ድምፁ ጠፋ።

እህቶቼ፣ ቤተሰባችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ህመም ካለ ለሐኪም አትደብቁ። ሀሺሽ በሺሻም ቢሆን ቢሰጧችሁ እምቢ በሉ፤ ለኛ አደጋው ይብሳል። ተኝታችሁም ድምፁ ካልቀረ፣ ሰው ሁሉ የሚያሴርባችሁ ከመሰላችሁ ለምታምኗት ጓደኛ ተናግራችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ድምፁ "ራስሽን ጉጂ" ካለ ደግሞ አንድ ሌሊት እንኳ ብቻችሁን አትደሩ።

ወንድሜ ጠበሉንም ይጠመቃል፣ መድኃኒቱንም ይውጣል፤ አንዱን ለአንዱ ሲል አልተወም። ባለፈው እሁድ ስደውልለት ገና ሰላም ሳልለው "አንቺ፣ ትተኛለሽ ወይ?" አለኝ።