እርሾ የሌላት ጫጩት

በማሽን የተፈለፈለች ጫጩት የጎደላት የእናት ክንፍ ሙቀት ብቻ አይደለም። ከእናቷ ኋላ እየጫረች ብታድግ ኖሮ ከኩሷና ከአፈሩ የምትለቅማቸው፣ አንጀቷን ቀድመው የሚይዙላት ረቂቅ ተህዋስያንም ጎድለዋታል። እርሾ ያልገባበትን ሊጥ ያገኘው ሁሉ እንደሚያበላሸው፣ ባዶ አንጀትም ቀድሞ ለደረሰ ክፍት ነው፤ ሳልሞኔላ ከቀደመ ሳልሞኔላ ይሰፍርበታል። ፊንላንዳውያኑ ኑርሚና ራንታላ ይህን ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ከጤነኛ አዋቂ ዶሮ አንጀት የተወሰደ ይዘት ለአዳዲስ ጫጩቶች አቀመሷቸው፤ ኋላ ሳልሞኔላ ሲሰጣቸው እንዲህ የተጠበቁት ጫጩቶች ካልተጠበቁት በእጅጉ ተሽለው ተገኙ። እርሾ መጣል ማለት ይኸው ነው።

በዶሮ መኖ ውስጥ ስለሚጨመረው የባሕር አረም ሲወራ ይህ ነገር ይዘነጋል። አረሙ እንደ መድኃኒት ጀርም ገዳይ ተደርጎ ይነገራል፤ በእኔ እይታ ግን ዋናው ሥራው እርሾውን መመገብ ነው። ቀይ የባሕር አረም ካራጂናንን የመሰሉ ዶሮዋ ራሷ ልትፈጫቸው የማትችላቸው ስኳር ነክ ንጥረ ነገሮች አሉት። እነዚህ ሳይፈጩ ወደ ሁለቱ ዕውር አንጀቶቿ ይወርዳሉ፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች አብላልተው አሲድ ያደርጓቸዋል። ኮምጣጤን የሚያኮመጥጠው አሴቲክ አሲድ አንዱ ነው፤ ቡቲሪክ አሲድ ደግሞ የአንጀቱን ግድግዳ ሕዋሳት ይመግባል። በካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ያለው የዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ባሳተሙት ሙከራ በ160 እንቁላል ጣዮች ላይ ለ30 ቀናት ሁለት ዓይነት ቀይ አረም በመኖ እየተጨመረ ተሞክሮ ነበር። ቢፊዶባክቴሪየም የተባለው ጠቃሚ ባክቴሪያ በዛ፣ አሲዱም ጨመረ፤ አንጀት የሚያቆስለው ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ቀነሰ። በ2017 ደግሞ ሳልሞኔላ በተሰጣቸው ዶሮዎች ላይ ሞክረው፣ አረሙን በበሉት አንጀት ውስጥ የጀርሙ ቁጥር ማነሱን ዘገቡ። ቀነሰ እንጂ ጠፋ አላሉም።

«ታዲያ ከአንቲባዮቲክ ካነሰ ለምን ይደከማል?» የሚል ይኖራል። አንቲባዮቲክ እርሾውንም ጭምር ይመታል፤ በየቀኑ በመኖ ሲሰጥ ደግሞ መድኃኒቱን የለመዱ ጀርሞችን ያራባል። የአውሮፓ ኅብረት ለዕድገት ተብሎ በመኖ የሚሰጠውን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2006 ጀምሮ የከለከለውም በዚሁ ስጋት ነው። የኪስ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። በ2014ቱ ሙከራ የእንቁላሉ ቁጥር አልጨመረም፤ የተሻሻለው መኖው ወደ እንቁላል የሚለወጥበት ልክ ነው፣ እሱም 2 በመቶ አረም በተጨመረላቸው ላይ። በተጨማሪም አረም ሁሉ አንድ አይደለም፤ ይዘቱ እንደ ዝርያው፣ እንደ ባሕሩና እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። አንዳንዱ ቡናማ አረም አዮዲን ስለሚበዛበት፣ ትርፉ ወደ እንቁላሉ ይገባል፤ አርሴኒክ የሚያከማችም አለ።

ባሕር በር ለሌላት ኢትዮጵያ አረሙ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ለአገራችን ዶሮ አርቢ የሚመከር ግዢ ነው አልልም። ጉዝጓዙ እርጥብ፣ ውሃው ቆሻሻ በሆነበት ቤት የትኛውም እርሾ አይይዝም፤ ብሩ መጀመሪያ እዚያ ይዋል። ነጋዴ ይዞት ከመጣ ግን ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ዝርያው ምንድን ነው፣ አዮዲኑ ስንት ነው፣ የተሞከረውስ በየትኛው ዶሮ ላይ ነው?