አሮጌው የቤት መኪና መንገዱን ቀጥ ብሎ እንዲይዝ

በአሜሪካ አገር መኝታውን፥ ወጥ ቤቱንና የውሃ በርሜሉን ተሸክሞ ቤተሰብ ሙሉ የሚያጓጕዝ፥ «ሞተርሆም» የሚባል የቤት መኪና አለ። ከነዚህም መካከል የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1978 ድረስ ሚሺጋን ውስጥ በፖንቲያክ ከተማ የሠራው ጂኤምሲ እስከ ዛሬ ወዳጅ ያልጠፋለት ነው። በጠቅላላው 13,000 ያህል ከተሠራ በኋላ ኩባንያው ሥራውን አቋርጧል፤ ከዚያ ወዲህ መኪናውን በመንገድ ላይ ያቈዩት መለዋወጫ የሚያበጁ ትናንሽ የጥገና ቤቶችና ባለመኪናዎቹ ራሳቸው ናቸው። ለነዚህም ቤቶች ዘወትር ከሚቀርቡት አቤቱታዎች አንዱ «መኪናው መንገድ አይዝም» የሚለው ነው።

አቤቱታው ከንቱ አይደለም። ክብደቱ ወደ 5 ቶን የሚጠጋ፥ ጐኑ እንደ ግድግዳ የሰፋ መኪና ነፋስ ከጐን ሲመታው ወይም ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፈው ወደ ዳር ይንሸራተታል፤ ነጂውም መሪውን ያለ ዕረፍት ወዲህና ወዲያ ሲመልስ ይውላል። በጠባብ ድልድይ ላይ ሲሆን ነገሩ የድካም ብቻ አይደለም፤ ከኋላ ሕፃናት ተቀምጠዋል። ባለመኪናው ስለዚህ አዲስ ዕቃ ለመግዛት ይቸኵላል፤ ሻጩም ይህን አይጠላም። ሁለቱም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ከዕቃው በፊት ልኩ ይቀድማልና።

የጂኤምሲ አሠራር ከብዙዎቹ የተለየ ነው። ሞተሩና ካምቢዮው ከኦልድስሞቢል ቶሮናዶ የተወሰዱ ሲሆኑ የሚያሽከረክሩት የፊት ጎማዎችን ስለ ሆነ፥ ከወለሉ ሥር የሚያልፍ ዘንግ የለም፤ ወለሉም ዝቅ ያለ ነው። ፊቱን የሚሸከሙት ባሌስትራዎች ሳይሆኑ ተጠምዝዘው የሚመለሱ ሁለት የብረት ዘንጎች ናቸው። ከኋላ በያንዳንዱ ጐን ሁለት ጎማዎች ተከታትለው ይገኛሉ፤ የአንዱ ክንድ ወደ ፊት፥ የሌላው ወደ ኋላ የተዘረጋ ሲሆን፥ በመካከላቸው ያለ አንድ የአየር ከረጢት ይሸከማቸዋል። አየሩ ሲጨምርና ሲቀንስ የመኪናው ጀርባ አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ነገሩም የሚበላሸው ከዚህ ነው።

የፊት ጎማ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚዞርበት ምሰሶ ከጐን ሲታይ ራሱ ጥቂት ወደ ኋላ መጋደል አለበት፤ ካስተር የሚሉት ይህን ነው። የቢሲክሌት የፊት ሹካ እንዲሁ የተጋደለ ሲሆን፥ ነጂው እጁን ቢያላላ እንኳ ጎማው ወደ ቀጥታው እንዲመለስ ይረዳል። ግድለቱ ሲያንስ መሪው ለእጅ ይቀላል፥ መኪናው ግን ይቅበዘበዛል። በትልቁ ጂኤምሲ ከፊት ጎማ እስከ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 160 ኢንች፥ ማለትም 4 ሜትር ከ6 ሳንቲሜትር ነው። ከረጢቱ ከመጠን በላይ ተነፍቶ ጀርባው ከልኩ 7 ሳንቲሜትር ቢነሣ፥ መላው መኪና 1 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ከካስተሩም ያንኑ 1 ዲግሪ ይወስዳል። ጠቅላላው ካስተር የጥቂት ዲግሪ ነገር ስለ ሆነ ይህ ትልቅ ጕድለት ነው። የፊቱ ዘንጎች በእርጅና ደክመው ፊቱ ዝቅ ብሎ እንደ ሆነ ደግሞ ጕዳቱ ይደረባል። ከፍታው ሳይስተካከል አላይመንት ያሠራ ሰው ገንዘቡን ውሃ በላው ማለት ነው። ልኩም የሚወሰደው መኪናው ባዶውን ቆሞ ሳይሆን፥ ውሃው፥ ነዳጁና የመንገድ ዕቃው እንደ ተጫነ ነው።

ቀጥሎ ቦኮላው፥ ቴስቲናው፥ ኩሽኔታውና አሞርዛተሩ ይመረመራሉ። ጎማም ጥርሱ ያልተበላ ቢመስልም ዕድሜው ካለፈ አያስተማምንም። ፋብሪካው የገጠመው ባለ 16.5 ኢንች ጎማ በገበያ እየጠፋ በመሄዱ፥ ብዙዎች ቸርኬውን በ16 ኢንች ለውጠዋል።

የማሻሻያ ዕቃ ዋጋውን የሚያወጣው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ቀዳዳው ከመካከል ፈቀቅ ያለ ቦኮላ በላይኛው ክንድ ላይ ሲገባ የምሰሶውን ራስ ወደ ኋላ ስቦ ካስተር ይጨምራል። ከከባድ ፒክአፕ የሚወሰደው የፊት ኩሽኔታና ፍሬን ወጪው ከዚህ የበዛ ነው፤ ጥቅሙም በይበልጥ ለጥንካሬ ነው። የኋላው ችግር ግን ሌላ ነው። ፍሬን ሲያዝ የመካከለኛው ጎማ፥ ክንዱ ወደ ፊት የተዘረጋ ስለ ሆነ፥ መሬቱን አጥብቆ ይጫናል፤ የመጨረሻው ጎማ ግን ወደ ላይ ሊነሣ ይቃጣዋል፥ ቶሎም ታስሮ ይንሸራተታል። የፍሬኑን ኀይል በተለየ ዘንግ ወደ ሻንሲው የሚያስተላልፍ መሣሪያ ይህን ጕድለት ይቀንሳል፤ በተራራማ አገር ለሚነዳ ሰው ከማናቸውም ጌጥ ይልቅ የሚገባው ወጪ ይህ ነው።

ጥንቁቅ የጥገና ቤት ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የያንዳንዱን ጐን ከፍታና ክብደት፥ ካስተሩንም ጭምር ይጽፋል፤ ሲጨርስም እንደ ገና ለክቶ ሁለቱን ቍጥሮች ከደረሰኙ ጋር ለደንበኛው ይሰጣል። በሚቀጥለው ዓመት አየሩ ቢጐድል ወይም ጭነቱ ቢጨምር፥ ባለመኪናው ያንኑ ወረቀት ይዞ ሜትር በመዘርጋት ብቻ ልዩነቱን ራሱ ያገኘዋል።